50 ሚሊዮን ፍየል እያለ ዝርያ እንዴት ይጠፋል?

ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። ከአፋር ቆላ የወጡ አርብቶ አደሮችና ከወሎ ደጋ የወረዱ ገበሬዎች በሚገናኙበት በዚህ ገበያ፣ በተለይ ፋሲካ ወይም አረፋ ሲቃረብ፣ ወጠጤ እንዴት እንደሚመረጥ ቆሞ ማየት ብዙ ያስተምራል። ነጋዴው ሽንጡን ይዳብሳል፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ደረቱን ከሥር ጨበጥ አድርጎ የያዘውን ሥጋ ይገምታል፤ ዋጋ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚሸጠው ፈጥኖ ያደገው፣ አጥንቱ የሰፋውና ጠጉሩ የሚያብረቀርቀው ነው። ዕድገቱ የዘገየውና ገዢ ያጣው ከባለቤቱ ጋር ወደ መንደር ይመለሳል፤ በሚቀጥለው የስሪያ ወቅት የግልገሎች አባት የሚሆነውም እሱ ነው።

የእንስሳት ዝርያ ጥበቃ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሊያልቁ የተቃረቡ ጥቂት እንስሳትን ከልሎ ማቆየትን ነው። ስለ ዋልያ ሲነገረን የኖረው እንዲያ ስለሆነ ይህ አያስገርምም። ለማዳ ፍየል ግን የምትጠፋበት መንገድ ሌላ ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባካሄደው የእንስሳት ናሙና ጥናት የአገሪቱ ፍየሎች ቁጥር 52 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሆኖ ተገምቷል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም አገር በቀል ናቸው። ይህን ያህል ፍየል ባለበት አገር ዝርያ እየሳሳ ነው ማለት የተጋነነ ሊመስል ይችላል። የስጋቱ ምንነት የሚገባን የቀንድ ቁጥሩን ለጊዜው ትተን ከአባትና ከእናት ወደ ግልገል የሚተላለፈውን ነገር ስንመለከት ነው።

ዘረመል፣ ዝርያ፣ ብዝኃነት፦ ምንና ምን ናቸው?

ዘረመል በእያንዳንዱ የእንስሳ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፣ አካል እንዴት እንደሚገነባና እንዴት እንደሚሠራ የሚወስን በውርስ የሚተላለፍ ትእዛዝ ነው። የፍየል ዘረመሎች በ60 ክሮሞዞሞች ላይ ተሰድረው ይገኛሉ፤ 30ዎቹ ከእናት፣ 30ዎቹ ከአባት የመጡ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዷ ፍየል ለአብዛኛው ነገር ሁለት ትእዛዝ ይዛለች ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሊለያዩም ይችላሉ። አንደኛው ጉድለት ቢኖርበት ሌላው ብዙውን ጊዜ ይሸፍነዋል፤ ጉድለቱ ገሃድ የሚወጣው ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ የተበላሹ ሲሆኑ ነው። ይህች ነጥብ ኋላ ስለ ዘመዳሞች መዳቀል ስናነሳ ስለምታስፈልግ አንባቢ ልብ ይበላት።

ዝርያ የሚባለው በአንድ አካባቢ ለረጅም ዘመን እርስ በርሳቸው ሲራቡ የኖሩ፣ በመልክም በጠባይም የሚመሳሰሉ፣ የሚወልዷቸውም ግልገሎች እነሱኑ የሚመስሉ እንስሳት ስብስብ ነው። የዘረመል ብዝኃነት ደግሞ በአንድ ዝርያ ውስጥ ወይም በተለያዩ ዝርያዎች መካከል የሚገኘው የትእዛዞች ልዩነት ነው። ነገሩን ለመረዳት የትግራይ ገበሬ የሚዘራውን ሐንፈጽ ማሰብ ይረዳል። ሐንፈጽ ስንዴና ገብስ ተቀላቅለው በአንድ ማሳ የሚዘሩበት ዘዴ ነው። ዝናቡ ሲበቃ ስንዴው ይሰጣል፤ ዝናቡ ቀድሞ ሲቋረጥ ገብሱ ጎተራውን ባዶ ከመሆን ያድነዋል። ገበሬው የዓመቱን ዝናብ አስቀድሞ ማወቅ ስለማይችል ሁለቱንም ይዘራል። በመንጋም ውስጥ አንዷ ፍየል ድርቅን፣ ሌላዋ የሆድ ትልን፣ ሦስተኛዋ ብርድን የምትቋቋምበትን ትእዛዝ ይዛ ትቆማለች፤ የትኛው በየትኛው ዓመት እንደሚፈለግ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

የኢትዮጵያ ፍየሎች ከየት መጡ? ስንት ዓይነትስ ናቸው?

ፍየል ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ከዛሬ 10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በምዕራብ እስያ፣ በዛሬዎቹ የኢራንና የምሥራቅ ቱርክ ተራራማ አካባቢዎች ነው። የዱር ቅድመ አያቷ ቤዞአር የሚባለው የተራራ ፍየል እስከ አሁን በዚያው አካባቢ ይገኛል። ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የሚቶኮንድሪያ ዘረመል የመረመሩ ተመራማሪዎች የዓለምን ፍየሎች በስድስት የእናት ሐረጎች ከፍለዋቸዋል፤ በኢትዮጵያ ፍየሎች ውስጥ የተገኙት ከነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንደኛው በመላው ዓለም የተስፋፋው ሐረግ ሲሆን፣ ሌላው በዓለም ደረጃ ብዙም የማይገኝ ነው። የእኛ ፍየሎች ከአንዲት እናት ሐረግ ብቻ ያልወረዱ መሆናቸውን ይህ ውጤት ያሳያል።

ስለ ዓይነታቸው በስፋት የሚጠቀሰው ሥራ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ጥናት ነው። ይህ ጥናት የኢትዮጵያንና የኤርትራን ፍየሎች በመልካቸው፣ በቁመታቸው፣ በጆሯቸውና በቀንዳቸው መዝኖ 14 ዓይነት አድርጎ መድቧቸዋል። ከነሱም መካከል በተከዜ ተፋሰስ ቆላ የሚገኘው የአበርገሌ፣ በስምጥ ሸለቆው የአፋር፣ በደቡብ የወይጦ ጉጂ፣ በምሥራቅ ጆሮ አጭርና ጆሮ ረጅም ተብለው የሚለዩት ሁለቱ የሶማሌ ፍየሎች፣ የአርሲ ባሌ፣ የሐረርጌ ደጋ፣ የከፋ፣ የማዕከላዊ ደጋና የምዕራብ ቆላ ፍየሎች ይገኙበታል።

ቆይቶ በዘረመል ምልክቶች የተካሄደ ምርመራ ግን የኢትዮጵያን ፍየሎች ወደ 8 የተለዩ ቡድኖች ሰብስቧቸዋል። ለምሳሌ የሐረርጌ ደጋ ፍየልና ሁለቱ የሶማሌ ፍየሎች በመልክ ቢለያዩም በዘረመል አንድ ቡድን ሆነው ተገኝተዋል። የጠጉር ቀለምና የጆሮ ርዝመት የሚወሰኑት በጥቂት ዘረመሎች ስለሆነ በዓይን የሚታየው ልዩነት ሁልጊዜ ውስጣዊውን ዝምድና አይናገርም። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያን ፍየሎች የመረመሩ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት፣ ካለው የዘረመል ልዩነት ከአሥር ዘጠኝ እጅ በላይ የሚገኘው በዝርያዎቹ መካከል ሳይሆን በየዝርያው ውስጥ ነው። ይህ ውጤት ለጥበቃ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ከየዝርያው ጥቂት ናሙና ወስዶ አንድ ጣቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ ሀብቱ ያለው በእያንዳንዱ መንደር መንጋ ውስጥ ተበትኖ ነው።

አገር በቀል ፍየል ምን ያላት ነገር ነው የሚጠበቀው?

«በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንዲሉ፣ በደጃችን ያለውን ፍየል የምንመዝነው በወተቱ ሊትርና በሥጋው ኪሎ ብቻ ሆኗል። በዚህ ሚዛን አገር በቀል ፍየል ከውጭ ዝርያ ማነሷ እውነት ነው። የማይመዘነው ሌላው ሥራዋ ነው። የምዕራብ ቆላ ፍየል የምትኖረው ገንዲ የተባለውን የእንስሳት በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብ በሚገኝበት ምድር ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ ፍየል በዚያ ምድር ያለ መድኃኒት መቆየት ይከብደዋል። የአፋርና የሶማሌ ፍየሎች ሣር በሌለበት የግራር ፍሬና ቅጠል ለቅመው፣ ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ተጉዘው ይኖራሉ።

የበረሃ ፍየል ምን ያህል መታገሥ እንደምትችል በደንብ የተጠናው በሲናና በነገብ በረሃ በምትገኘው ጥቁር የበደዊን ፍየል ላይ ነው። ይህች ፍየል ውኃ ሳታገኝ ቀናት ቆይታ የሰውነቷን ክብደት ከ30 በመቶ በላይ ብታጣ እንኳ መብላቷን አታቆምም፤ ውኃ ላይ ስትደርስ ደግሞ ያጣችውን ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ትጠጣለች። ሌላ እንስሳ ይህን ያህል ውኃ በአንዴ ቢጠጣ ደሙ ቀጥኖ የደም ሕዋሳቱ ሊፈነዱ ይችሉ ነበር። እሷ ግን ውኃውን በመጀመሪያው ትልቅ ጨጓራዋ ውስጥ እንደ ጋን ታኖረውና ቀስ በቀስ ወደ ደሟ ታስገባዋለች። እንዲህ ያለው ችሎታ ከኩላሊት፣ ከጨጓራ፣ ከምራቅና ከጠባይ ጋር የተያያዙ ብዙ ዘረመሎች አብረው የሚሠሩት ነው። በአንድ ምድር ላይ ለብዙ መቶ ትውልዶች በመኖር የተሰባሰበ ስለሆነ፣ አንዴ ከተበተነ በአንድ ፕሮጀክት ዕድሜ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

ቆዳውም መረሳት የለበትም። ከባቲ አካባቢ ገበያ የሚወጣው የፍየል ቆዳ «ባቲ» በሚለው ስሙ በውጭ ገበያ የታወቀው ውፍረቱና ልስላሴው አንድ ላይ ስለሚገኙበት ነው።

ቁጥሩ ብዙ ከሆነ ስጋቱ የቱ ላይ ነው?

የዘረመል ተመራማሪዎች የመንጋ ቁጥርና «ውጤታማ የመንጋ ቁጥር» የሚባሉትን ይለያሉ። ሁለተኛው የሚናገረው በመንጋው ውስጥ ስንት ቀንድ እንዳለ ሳይሆን ለሚቀጥለው ትውልድ ዘር የሚሰጡት ምን ያህል እንደሆኑ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚወልዱትን እንስቶች ቁጥር በአውራዎቹ ቁጥር፣ ከዚያም በ4 ማባዛትና ውጤቱን ለእንስቶቹና ለአውራዎቹ ድምር ማካፈል ነው።

100 እንስቶችና አንድ አውራ ያሉበትን መንጋ እንውሰድ። ስሌቱ 4 ገደማ ይሰጣል። በዓይን 101 ፍየል ይታያል፤ በዘረመል ረገድ ግን መንጋው ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ብቻ ያሉበትን ያህል ነው። ምክንያቱም የሚወለዱት ግልገሎች ሁሉ አባታቸው አንድ ነው፤ ግማሹ ዘረመላቸው የመጣው ከአንድ እንስሳ ነው። እነዚህ ግልገሎች አድገው እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ሁሉም የአባት ልጆች ናቸው። አውራዎቹ 5 ቢሆኑ ቁጥሩ 19 ይደርሳል፤ 25 ቢሆኑ 80 ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አንድ ዝርያ ጤንነቱን ጠብቆ እንዲቀጥል ይህ ቁጥር ከ50 በታች እንዳይወርድ ይመክራል። በዚህ ሚዛን 100 እንስት ላሉት፣ ከውጭ አውራ ለማይገባበት መንደር 15 ያህል አውራዎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው።

ዘመዳሞች ሲዳቀሉ የሚሆነው ቀደም ብለን ካነሳነው ከሁለቱ ትእዛዞች ጋር የተያያዘ ነው። ግልገሉ በእናቱም በአባቱም በኩል ያንኑ የተበላሸ ትእዛዝ ከአንድ አያት ሊወርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚሸፍንለት አይኖርም። ውጤቱ ሁልጊዜ የአካል ጉድለት ሆኖ አይታይም። ብዙውን ጊዜ የሚታየው የመንታ ወሊድ መቀነስ፣ ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ ግልገሎች፣ ጡት ሳይጥሉ መሞት፣ በቀላሉ መታመም ነው። አርቢው ይህን ሲያይ ምክንያቱን ለመኖ ወይም ለዘመኑ ክፋት ይሰጣል። ችግሩ ከአውራው መሆኑን ማወቅ የሚቻለው የትውልድ መዝገብ ሲኖር ብቻ ነው፤ መዝገብ ያለው መንደር ደግሞ ጥቂት ነው።

የወል ግጦሽ በዚህ ረገድ ሳናውቀው ሲጠቅመን ኖሯል። የአንዱ መንጋ ከሌላው ጋር በሜዳና በወንዝ ዳር ሲቀላቀል አውራዎች ይለዋወጣሉ። ግጦሹ እየታረሰና እየታጠረ ሲሄድ፣ አንድ ቤተሰብ አምስት ስድስት ፍየል በጓሮው አስሮ ሲይዝ፣ ያ ልውውጥ ይቋረጣል።

በባቲ ያየነው ሽያጭ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይጨምራል። ፈጥነው የሚያድጉት ወጠጤዎች ገና ዘር ሳይሰጡ ለበዓል ይታረዳሉ፤ ሌሎቹ ለድለባ ተኮላሽተው ሙክት ይሆናሉ። የሚቀሩት ያልተፈለጉት ናቸው። ማንም ያላሰበው ምርጫ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ አቅጣጫውም ቁልቁል ነው። አርቢውን በዚህ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ማዳበሪያ የሚገዛው፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግበው በዚያ ወጠጤ ዋጋ ነው።

በዚህ ላይ ድርቅ፣ በሽታና ጦርነት አሉ። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ አንድን መንጋ በጥቂት ሳምንታት ሊጨርስ ይችላል፤ ዓለም በሽታውን እ.ኤ.አ. በ2030 ከምድር ለማጥፋት ዕቅድ ይዟል። የአበርገሌ ፍየል መኖሪያ የሆኑት የዋግና የተምቤን ቆላዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በቆየው ጦርነት ውስጥ አልፈዋል። እንዲህ ያለ አደጋ በጠባብ አካባቢ ብቻ የሚኖር ዝርያ ላይ ሲወርድ ጉዳቱ በአገር አቀፍ ቁጥር ውስጥ አይታይም፤ 52 ሚሊዮኑ እንዳለ ሆኖ አንዱ ዝርያ ሊሳሳ ይችላል።

ታዲያ ከውጭ ዝርያ ጋር ማዳቀል ጥፋት ነው?

አይደለም፤ ግን መጠንቀቅን ይጠይቃል። በአገራችን በሰፊው ከተሞከሩት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1997 የቆየው የወተት ፍየል ልማት ፕሮግራም ነው። አንግሎ ኑቢያን የሚባለው የእንግሊዝ ዝርያ ከሶማሌ ፍየሎች ጋር ተዳቅሎ በሐረርጌ ደጋ ለሚኖሩ እናቶች ተሰጠ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ2007 ቦር የተባለው የሥጋ ፍየል ከደቡብ አፍሪካ ገባ።

የሐረርጌውን ውጤት የመዘነ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ያገኘው ነገር ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር። ጥናቱ ወተትና ሥጋን ብቻ ሳይሆን ፍግን፣ ፍየል በችግር ቀን ተሸጣ የምትሰጠውን ዋስትናና እንደ ቁጠባ የምታገለግለውን አገልግሎት ጭምር በገንዘብ ተምኖ፣ ከሚፈጀው መሬትና ጉልበት ጋር አነጻጸረ። የተዳቀሉት ፍየሎች በገበሬው ይዞታ ከአገር በቀሎቹ የበለጠ የተጣራ ጥቅም አላስገኙም። ጥቅም የሰጠው የተሻሻለ አያያዝ ነበር፤ አገር በቀሎቹም ያንኑ አያያዝ ሲያገኙ ምርታቸው ጨመረ። በግሌ በዚህ አገር ስለ ፍየል ከተጻፉት ሁሉ ይህን ያህል በየግብርና ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው ውጤት አላየሁም።

አንድ ጊዜ የተዳቀለ ትውልድ ብዙውን ጊዜ ጠንካራና ፈጣን ዕድገት ያለው ሆኖ ይታያል፤ የሁለቱ ወገን ትእዛዞች ስለሚለያዩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ችግሩ ያ ብርታት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ እየቀነሰ መሄዱ ነው። ዲቃላዎቹ ያለ ዕቅድ እርስ በርስ ሲራቡ የውጭው ምርት ይቀንሳል፤ የአገሬው ጽናትም በግማሽ ተቀላቅሎ ይቀራል። ማዳቀል ከተፈለገ የትኛው አካባቢ ለዲቃላ፣ የትኛው ለንጹሕ ዝርያ እንደሚሆን አስቀድሞ መለየት አለበት።

ስለ «ምርጥ ዝርያ» ሲወራ የሚዘነጋ ታሪክም አለ። አንግሎ ኑቢያን የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች የራሳቸውን እንስት ፍየሎች ከናይል ሸለቆና ከሕንድ በመርከብ ከመጡ ጆሮ ረጃጅም አውራዎች ጋር አዳቅለው ነው። ቦርም ቢሆን የደቡብ አፍሪካ ገበሬዎች የአካባቢውን ሕዝቦች አገር በቀል ፍየሎች መሠረት አድርገው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያሳደጉት ነው፤ የአርቢዎቹ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ሁለቱም ዝርያዎች የተገነቡበት ጥሬ ዕቃ እንደ እኛው ያለ አገር በቀል ፍየል ነው። የጨመሩት መዝገብ፣ ትዕግሥትና የታሰበበት የአውራ ምርጫ ነው።

አንድ ጠባይ ብቻ መርጦ ማራባትስ?

ለዚህ ከቀንድ አልባ ፍየሎች የተሻለ ምሳሌ የለም። በአውሮፓ የወተት ፍየል አርቢዎች ቀንድ ስለሚያስቸግራቸው ቀንድ አልባዎቹን እየመረጡ ሲያራቡ ቆዩ። ነገር ግን ቀንድ አልባ አውራ ከቀንድ አልባ እንስት ጋር ሲዳቀል ከሚወለዱት ሴት ግልገሎች ከፊሎቹ የወንድም የሴትም ምልክት ያላቸው መካኖች ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታወቀ፤ ቀንድን የሚያስቀረው ለውጥ ከአንድ ክሮሞዞም ላይ ከ11 ሺህ በላይ የዘረመል ፊደላት መጉደል ሲሆን፣ ያው ጉድለት የሴትነትን አካል እድገት ከሚመራው ዘረመል ጋር ይነካካል። አንድ ቅጂ ብቻ ሲወረስ ቀንድ ይጠፋል፤ ሁለቱም ሲወረሱ እንስቷ አትወልድም። አርቢዎቹ የፈለጉት ቀንድን ብቻ ነበር።

ዘሩን አቀዝቅዞ ማስቀመጥ አይበቃም?

የአውራ የዘር ፈሳሽ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ በ1968 ዓ.ም. የእጽዋት ዘር ማዕከል ሆኖ የተመሠረተው ተቋም፣ ዛሬ እንስሳትንም በኃላፊነቱ ሥር ይዟል። ይህ ሥራ አስፈላጊ ነው፤ ድርቅና ወረርሽኝ የማይደርስበት መጠባበቂያ ነው። ብቻውን ግን የማይበቃባቸው ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ፍየል በጠባይዋ ለዚህ አስቸጋሪ መሆኗ ነው። የሌሎች እንስሳት የዘር ፈሳሽ ከመቀዝቀዙ በፊት የሚጠበቀው በእንቁላል አስኳል በተዘጋጀ ውሕድ ነው። በፍየል የዘር ፈሳሽ ውስጥ ግን ከአስኳሉ ጋር ተዋህዶ ሕዋሳቱን የሚጎዳ ኢንዛይም ስላለ፣ ባለሙያው ፈሳሹን አስቀድሞ ማጠብ ወይም ሌላ ውሕድ መጠቀም አለበት። ሌላው፣ የዘር ፈሳሽ የያዘው የአባትን ወገን ብቻ ነው። እንስቶቹ ካለቁ የሌላ ዝርያ እንስቶችን ማስጠቃት፣ የሚወለዱትን ሴቶች እንደገና በዚያው ዘር ማስጠቃት ያስፈልጋል፤ ከአምስት ትውልድ በኋላ እንኳ ከጠፋው ዝርያ የሚመለሰው 97 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከእናት ብቻ የሚወረሰው ሐረግ ግን ጭራሽ አይመለስም።

በስፔን የፒሬኔ ተራሮች ቡካርዶ የሚባል የዱር ፍየል ነበር። የመጨረሻዋ እንስት፣ ሴሊያ የሚል ስም የተሰጣት፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ዛፍ ወድቆባት ሞታ ተገኘች። በሕይወት ሳለች ከጆሮዋ የተወሰደው ሕዋስ ቀዝቅዞ ስለተቀመጠ ተመራማሪዎች ከሱ ግልባጭ ሠርተው በሌሎች ፍየሎች ማኅፀን ውስጥ አሳደሩት። እ.ኤ.አ. በ2003 አንዲት ግልገል በሕይወት ተወለደች፤ ሳንባዋ ጉድለት ስለነበረበት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ብትኖርም ኖሮ የሚዳቀላት ወንድ በዓለም ላይ አልነበረም። ለእኛም ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ የፍየል የቅርብ ዘመድ የሆነው ዋልያ በስሜን ተራሮች ብቻ በጥቂት መቶዎች ቁጥር የሚኖር ሲሆን፣ ወደ ፓርኩ የሚገቡ ለማዳ ፍየሎች በሽታ ሊያስተላልፉበትም ሊዳቀሉትም ይችላሉ።

በተግባር የሚሠራው ጥበቃ የቱ ነው?

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢካርዳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በቪየና የሚገኘው የቦኩ ዩኒቨርሲቲና የአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት «ማኅበረሰብ አቀፍ የእርባታ ፕሮግራም» የሚባለውን አሠራር በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ጀመሩ። ኋላ ለፍየልም ተስፋፍቶ የአበርገሌን፣ የማዕከላዊ ደጋንና የወይጦ ጉጂን ዝርያዎች አካትቷል።

አሠራሩ በምርምር ጣቢያ መንጋ ላይ አይመሠረትም፤ መንጋው የገበሬው፣ ያለበትም የገበሬው ቤት ነው። ግልገል ሲወለድ በጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ እናቱና አባቱ፣ የተወለደበት ቀን፣ መንታ መሆን አለመሆኑ ይመዘገባል። በሦስትና በስድስት ወሩ ይመዘናል። ከዚያ አርቢዎቹ የመረጡት ኮሚቴ ወጠጤዎቹን አንድ ቦታ ሰብስቦ መዝገቡንም ቁመናውንም እያየ ይለያል። እዚህ ላይ የሽማግሌዎቹ ዓይን ከመዝገቡ ባልተናነሰ ይሠራል፤ የእግሩ አቋም፣ የእናቱ ጡት፣ ቀለሙ ገበያ የሚወደው መሆኑ ሁሉ ይነሳል። የተመረጡት ለጋራ አገልግሎት ይቀራሉ፤ ከአንዱ የአርቢ ቡድን ወደ ሌላው በየጊዜው እየተዘዋወሩ ስለሚያገለግሉም አንድ አውራ የገዛ ልጆቹን አያጠቃም። ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ።

በዚህ መንገድ ማሻሻልና ጥበቃ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ይቀራል። አርቢው አገር በቀል ፍየሉ ምርቷ ሲጨምር ካየ የውጭ ዝርያ ለመፈለግ የሚያጣድፈው ነገር አይኖርም፤ ዝርያው ትርፍ ስለሚሰጥ በገዛ ፈቃዱ ይጠብቀዋል። አገሮች እ.ኤ.አ. በ2007 በስዊዘርላንዷ ኢንተርላከን ያጸደቁት ዓለም አቀፍ የእንስሳት ዘረመል ሀብት ዕቅድም ዘላቂ አጠቃቀምንና ጥበቃን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል።

ድካሙ ግን ቀላል አይደለም። መዝጋቢው ደመወዝ ይፈልጋል፤ ሚዛኑ ይበላሻል፤ በድርቅ ዓመት አርቢው ከነመንጋው ይሰደዳል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መዝገቡ ባለቤት ያጣል። ከሁሉም የሚያስቸግረው የበዓል ገበያ ነው። ጥሩ ወጠጤ ያለው ገበሬ ለመንደሩ ብሎ አንድ ዓመት እንዲያቆየው ሲጠየቅ፣ የሚጠየቀው የበዓሉን ዋጋ እንዲተው ነው፤ እስከዚያ ወጠጤው ሊታመም፣ ሊሰረቅ፣ ጅብ ሊበላው ይችላል። አሠራሩ የተሳካባቸው ማኅበራት ይህን የፈቱት በተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። ኮሚቴው ምርጫውን ገበያው ከመሟሟቁ በፊት ያካሂዳል፤ ማኅበሩ የተመረጠውን ወጠጤ ነጋዴው በሚሰጠው ዋጋ ገዝቶ በጋራ ንብረትነት ያስቀረዋል፤ የአገልግሎት ዘመኑ ሲያበቃ አድልቦ ይሸጠውና ገንዘቡን ለሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ይመልሰዋል።